የእቴቴ ብርቄ ቤት

በቀደም ዕለት ሐምሌ እንደ ልማዱ ከጉና ተራራ በኩል ብርዱንና ዶፉን ሲያወርደው፣ ከገበያ ወደ ቤቴ በተሳፈርኩበት ባጃጅ ውስጥ አንድ ወጣት አጠገቤ ገብቶ ተቀመጠ። ግራጫ ብርድ ልብስ ተከናንቧል። ብርድ ልብሱ በስብሶ ውኃው በጉልበቱ ላይ ይንጠባጠባል። «ይቅርታ አባባ፣ አረጠብኩዎት» አለኝ። ምን ብዬ እንደመለስኩለት አላስታውስም። የረጠበ ሱፍ ሽታ፣ ከጭስና ከጭቃ ጋር የተቀላቀለው ያ ሽታ፣ አፍንጫዬን ሲመታኝ ልቤ ከባጃጁ ወርዶ ሌላ መንገድ ጀመረ። የት እንደሚያድር ልጠይቀው አሰብኩና አፈርኩ። እሱም መውረጃው ደረሰና ብርድ ልብሱን ሰብስቦ ወረደ። እኔ ቤቴ ገባሁ፤ እርጥብ ኮቴን ወንበር ላይ ዘረጋሁ፤ «መጣህ?» የሚለኝ ሰው በሌለበት ሳሎን ውስጥ ተቀምጬ የዚያን የድሮውን ቤት ነገር ሳመነዥግ አመሸሁ።

ቤቱ እዚሁ ደብረ ታቦር፣ ከኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ወደ ታች በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። ዛሬ ቦታው ላይ መስታወት የለበሰ ፎቅ ቆሟል፤ ከታች ስልክ ይሸጣሉ፣ ከላይ ምን እንደሚሠሩ አላውቅም። ያኔ ረጅም የጭቃ ቤት ነበር፣ ቆርቆሮው የዛገ፣ በሩ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ፣ ግድግዳው በየክረምቱ የሚላጥና በየጥቅምቱ የሚለሰን። እኛ ማሳደጊያ ውስጥ ያደግን ልጆች ነን። ወላጆቻችንን ክፉ ቀን ወሰደብን፤ የትኛው ክፉ ቀን እንደሆነ አልቆጥርም፣ ያ ዘመን ክፉ ቀን አላጣም። ማሳደጊያው ደግሞ ጢም ያቀመቀመ ልጅ አያኖርም። «እንግዲህ አድጋችኋል፣ እግዚአብሔር ይከተላችሁ» ይባልና በሩ ይዘጋል። ከእኛ በፊት ከወጡት ብዙዎቹ መናኸሪያው ጥግ ጆንያ ለብሰው ሲያድሩ እናያቸው ነበር። ይህን ያዩ የከተማው ሰዎች ከአንድ በጎ አድራጊ ድርጅት ጋር ተመካክረው ያን ቤት ተከራዩልን። ሰባት የብረት አልጋ፣ ሰባት ግራጫ ብርድ ልብስ፣ አንዲት እናት። ሙያ ተምረን፣ ሥራ ይዘን እግራችን እስኪጠና ድረስ እዚያ እንድናድር ነው። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ስም ረጅም ነበር። የከተማው ሰው ግን አሳጥሮ «የብርቄ ቤት» ይለው ነበር።

ወይዘሮ ብርቄን እቴቴ ነበር የምንላቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲራመዱ መሬቱን እንዳይቀሰቅሱት የሚጠነቀቁ የሚመስሉ ሴት ነበሩ። ድርጅቱ የቀጠራቸው ምግብ እንዲያበስሉና ቤቱን እንዲጠብቁ ነው። እሳቸው ግን ማንም ያላዘዛቸውን አንድ ሕግ አወጡ፦ ሁሉም ሳይገባ ማንም እራት አይቀምስም። ሲመሽ ኩራዛቸውን ይዘው አረንጓዴው በር ላይ ይቆማሉ። «ማን ቀረ?» ይላሉ። «ሙሉቀን ቀረ» እንላለን። ሁልጊዜ የሚቀረው ሙሉቀን ነው። መናኸሪያ ለመናኸሪያ ሲዞር የሚውል፣ የሾፌርነት ነገር ያሳበደው፣ የሳቅ ልጅ። ድንቹ እየቀዘቀዘ፣ ሆዳችን እየጮኸ፣ እየረገምነው እንጠብቀዋለን። ሲገባ እቴቴ ኩራዙን ወደ ፊቱ ከፍ አድርገው አይተውት «ግባ፣ ሰው ተርቦልሃል» ይሉታል። አይቆጡትም። ‹ሰው ጠብቆሃል› ሳይሆን ‹ሰው ተርቦልሃል› ማለታቸው ያኔ ያስቀን ነበር። እናት አባት ካጣሁ በኋላ ለእኔ ብሎ የተራበ ሰው እንዳልነበረ የገባኝ ቆይቶ ነው።

እኔ የልብስ ስፌት ነበር የምማረው፣ ገበያው መግቢያ ማዕዘን ላይ ከነበረው የጋሽ ኑርዬ ሱቅ። ጋሽ ኑርዬ ጥቁር መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው፣ በእግራቸው መኪናውን እየነዱ፣ በአፋቸው መርፌ ይዘው ሳይቀር ያወራሉ። የዘመኑ ጎረምሳ ከታች ሰፊ የሆነ ሱሪ ነበር የሚወደው፤ ሲራመድ መንገድ ይጠርግለታል። የገጠሩ ሰው ካኪ ኮትና ቁምጣ ያሰፋል። ያን ጊዜ በአንድ ብር ሻይና ዳቦ ለጓደኛም ይተርፋል። የሸራ ጫማ ያደረገ ልጅ ሙሽራ ነው የሚመስለው፤ እኛ ከጎማ የተሠራውን በረባሶ ነበር የምናጠልቀው። ፊት ለፊታችን ካለው ሻይ ቤት ራዲዮኑ እሑድ ከሰዓት ዘፈን ያሰማል። አገር ጥሎ ስለሄደ ሰው የሚዘፈን አንድ ዘፈን ነበር፣ ሲጀምር ጋሽ ኑርዬ መኪናውን ያቆማሉ፤ ሲያልቅ «በል ቀጥል» ይላሉ። ለምን እንደሚያቆሙ ጠይቄያቸው አላውቅም። አሁን ያ ማዕዘን ላይ ቻይና ሠራሽ ልብስ ተደርድሮ ይሸጣል። የሚሰፋ ሰው የለም፤ የተቀደደ ይጣላል።

ቡሄ ሲደርስ ደግሞ፣ የደብረ ታቦር ልጅ ሁሉ በዚያ ቀን ከየእናቱ፣ ከየአክስቱ ሙልሙል ይቀበላል። ማሳደጊያ እያለን ዳቦው በጅምላ ይመጣልን ነበር፣ ተቆርጦ። እቴቴ ግን ሰባት ሙልሙል ለየብቻ ጋገሩና በየስማችን እየጠሩ ሰጡን። «ይሄ ያንተ ነው ደሴ፣ እንዳታቀያይሩ» አሉኝ። ሁሉም አንድ ዓይነት ነበር። ሆኖም አላቀያየርንም።

ከእራት በኋላ ስለ ወንድማቸው ቤት ያወሩልን ነበር። ወንድማቸው አያሌው እብናት ነው ያለው። ግቢው ሰፊ ነው፤ በሬዎቹ ሲገቡ አጥሩ ጠቦ አያውቅም። ከቤቱ ጀርባ ትልቅ ዋርካ አለ፣ ገበያተኛ ሁሉ ከጥላው ሳያርፍ አያልፍም። ጎተራው በጥርም በሐምሌም ሙሉ ነው። «‹ነይ እንጂ እህቴ፣ ሰው ቤት ምን ትሠሪያለሽ› እያለ ይልክብኛል» ይላሉ፣ «እናንተን ጥዬ የት እሄዳለሁ?» እኛም የዚያን ቤት እያንዳንዱን ማዕዘን በቃላችን አወቅነው። ሙሉቀን እንዲያውም መደቡ ላይ የት ጋር እንደሚተኛ መርጦ ነበር። «እኔ ከምድጃው አጠገብ ነኝ እቴቴ» ይላል። «ትተኛለህ፣ ማን ይከለክልሃል?» ይሉታል። ቤት የሌለን ሰባት ልጆች አይተነው በማናውቀው ቤት ውስጥ ቦታ ቦታችንን ይዘን እንተኛ ነበር።

ከዚያ አንድ በአንድ መውጣት ተጀመረ። መጀመሪያ የወጣው አናጢ ሆኖ ባሕር ዳር ሄደ። ቀጥሎ አንዱ ወታደር ሆነ። አንዱ እኅቱን ወልድያ አገኘና ተከተላት። ሙሉቀን የለመነው ተሰጥቶት የእብናት አውቶቡስ ረዳት ሆነ፤ ማደሪያውም አውቶቡሱ ሆነ። የሚወጣውን ሁሉ እቴቴ ብርድ ልብሱን ጠቅልለው ያሸክሙታል። ንብረቱ የድርጅቱ ነው፣ መመለስ አለበት ሲባሉ «ብርድ የሚመለስ መስሎአችሁ?» ብለው ዝም አሰኟቸው። በወጡት ምትክ ግን አዲስ ልጅ አልገባም። የድርጅቱ ሰዎች አመጣጥ ሳሳ፤ ዘመኑም ተለዋውጦ የሚጠየቅ ሰው ጠፋ። በመጨረሻው ክረምት ቤቱ ውስጥ የቀረነው እሳቸውና እኔ ነን።

ስለዚያ ክረምት ለሰው አውርቼ አላውቅም። የምተኛበት ክፍል ውስጥ ባዶ የብረት አልጋዎች ነበሩ። ዶፉ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ሽቦዎቹ ይንቀጠቀጣሉ፤ የሚገላበጥ ሰው ያለ ይመስላል። እቴቴ ያው እንደ ድሮው ሲመሽ በር ላይ ይቆማሉ። እኔ ገብቼም ትንሽ ቆመው ወደ መንገዱ ይመለከታሉ፣ ከዚያ ነው የሚዘጉት። አንድ ቀን በግድግዳው ማዶ «ደሴ» አሉኝ።

«አቤት እቴቴ።»

«የምታነበው የለህም? ጮክ ብለህ አንብብልኝ እስቲ። ቤቱ ዝም አለብኝ።»

ያለኝ አንድ የተቀዳደደ የጂኦግራፊ መጽሐፍ ነበር። ስለ ወንዞች፣ ስለ ተራሮች፣ ስለ ሩቅ አገር ሰብል ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ክረምቱን ሙሉ እንዲያ አደረግን። የዓለምን ወንዞች በሙሉ ያወቁ ይመስለኛል።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ከድርጅቱ አንድ ሰው መጣና ቤቱ ለባለቤቱ እንደሚመለስ ነገረን። መልካም ሰው ነበር፣ ኮፍያውን አውልቆ ነው የተናገረው። «ልጁስ?» አሉት እቴቴ። ጋሽ ኑርዬ ከሱቁ ጀርባ ያለችውን የጨርቅ ማስቀመጫ ክፍል ሊሰጡኝ ቃል ገብተውልኛል አልኩ። «እርስዎስ?» አላቸው ሰውየው። «እኔ ወንድሜ አለ» አሉ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ «መጥራት አይሰለቸውም፣ ዘንድሮስ ልሂድለት።» ሰውየው እፎይ አለ። እኔም እፎይ አልኩ። አንድ ሰው እንኳን ከመሀላችን የሚገባበት ትልቅ ቤት ስላለው ደስ አለኝ።

አንዲት የእንጨት ሳጥን ነበረቻቸው። እሷን ተሸክሜ መናኸሪያ አደረስኳቸው። ሙሉቀን ቅባት የነካው ሸሚዙን ለብሶ፣ «እቴቴ ጋቢና ነው የሚቀመጡት፣ ወንበሯን ሌላ ሰው እንዳይነካት!» እያለ ወንበር ያዘላቸው። አላለቀሱም። በመስኮቱ እጃቸውን አውጥተው ጭንቅላቴን እንደ ሕፃን ዳሰሱኝና «ብቻህን አትብላ። የሚበላ ሰው ብታጣ እንኳን በሩን ክፈትና ብላ» አሉኝ። አውቶቡሱ ሄደ። ከዚያች ቀን ጀምሮ በጨርቅ ጥቅሎች መሀል አደርኩ፣ እራቴን በሩን ከፍቼ እየበላሁ።

ጥር ውስጥ ሙሉቀን ሱቁ መጣ። ሳቅ የለም። «ደሴ፣ እቴቴ እብናት አልወረዱም እኮ» አለኝ።

«እንዴት አልወረዱም?»

«መንገድ ላይ አዲስ ዘመን ከተማ ስንደርስ ‹እዚህ አውርደኝ፣ ወንድሜ በቅሎ ይልክልኛል› አሉኝ። አመንኳቸው። ዛሬ ግን እብናት ገበያ ላይ ‹የአያሌው እህት ደህና ናቸው?› ብዬ ብጠይቅ የሚያውቃቸው አጣሁ።»

በሳምንቱ እኔው ራሴ ሄድኩ። እብናት ያኔ በገበያ ቀን በእህልና በከብት የሚጨናነቅ፣ ከኛ ደጋ ይልቅ ሙቀት ያለው ከተማ ነው። ስጠይቅ ዋልኩ። በመጨረሻ በግ ሊሸጡ የመጡ አንድ ሽማግሌ «የትኛው አያሌው? የብርቄ ወንድም?» አሉኝ። «አዎ አባቴ።»

«ኧረ ልጄ፣ እሱ ከሞተ ስንት ዘመኑ። ቤቱም ፈርሶ መሬቱ ለሌላ ተሰጥቷል። እሷም ባሏ ሲሞት ወደ ከተማ ሄዳ ሰው ቤት ተቀጠረች ሲባል ነው የሰማሁት። ዋርካውማ አለ፣ ያውልህ።»

ዋርካው እቴቴ እንዳሉት ትልቅ ነበር። ከሥሩ ሰው ተቀምጦ ነበር። ሳልቀርበው ተመለስኩ።

አዲስ ዘመን ላይ ወርዶ መሄጃ ያጣ ሰው ዓይኑ የት እንደሚያርፍ ግልጽ ነው። ጣራ ገዳም ከከተማዋ በላይ ጫካውን ለብሶ ይታያል። ዳገቱን ወጣሁ። ከታላላቅ ዛፎች ሥር ጥላው ይቀዘቅዛል፤ ምእመናን እየተሳለሙ ይወርዳሉ። አንዲት መነኩሴ «ውኃ የሚቀዱት ረጅሟ እናት?» ብለው ወደ ምንጩ መንገድ ጠቆሙኝ። እቴቴ እንስራ አዝለው ሲወጡ አገኘኋቸው። ከስተዋል። አዩኝና ቆሙ፣ እንስራውን ሳያወርዱ።

«ደሴ። ማን ነገረህ?»

«እብናት ሄጄ ነበር።»

እንስራውን አወረድኩላቸው። ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«ለምን አልነገሩንም እቴቴ?»

«ምን ብዬ? ቤት የሌላት ሴት ቤት ለሌላቸው ልጆች እናት ሆና ተቀጠረች ብዬ? ያኔ ማን ያምነኛል? እናንተ እኮ በእኔ ላይ ተደግፋችሁ ነበር የምትተኙት።» ዓይናቸውን ወደ ጫካው አዞሩ። «ደግሞ ቤቱ ነበረ። ውሸት አይደለም። ትንሽ ቆየ እንጂ።»

«እንሂድ ከእኔ ጋር።»

«ወዴት? ከስፌት መኪናው ሥር?»

«አዎ፣ ከስፌት መኪናው ሥር።»

«ተው ልጄ። አንተ ገና ሚስት ታገባለህ። እዚህ ቁራሽ አላጣም፣ ጸሎት አለ። በል፣ ሳይመሽብህ ውረድ።» እንስራቸውን አዝለው ሄዱ። ያን ዳገት ስወርድ የተሰማኝን ብቸኝነት ወላጆቼ የሞቱ ጊዜ እንኳን አላውቀውም፤ ያኔ ሕፃን ነበርኩ።

ዓመት አልሞላም። ጋሽ ኑርዬ ደመወዝ ጨመሩልኝና አንዲት ክፍል ተከራየሁ፤ መስኮት ያላት፣ አንድ አልጋ ብቻ የምትይዝ። መጋረጃ ሰፍቼ ለሁለት ከፈልኳት። ከዚያ ለሙሉቀን ነገርኩት። ሙሉቀን ሾፌሩን አግባባና ከእብናት ሲመለሱ አዲስ ዘመን ላይ አውቶቡሱን አስቁሞ አብሮኝ ዳገቱን ሮጦ ወጣ። እቴቴ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ጥራጥሬ ሲለቅሙ ደረስን።

«እቴቴ፣ ተነሡ! ሾፌሩ ሞተር አላጠፋም!» አለ ሙሉቀን እያለከለከ።

«ምን አልክ?»

«ስልሳ ሰው መንገድ ላይ ተገትሯል። ነፍሰ ጡር አለች፣ ዶሮ ያንጠለጠሉ አሉ፣ ፀሐዩ ገደላቸው። ሁሉም እርስዎን ነው የሚጠብቁት።»

«ውይ በሞትኩት! ሰውን በእኔ ምክንያት!» ብለው ተነሡ። ሳጥኗን እኔ ያዝኩ። ዳገቱን በፍጥነት ወረዱት። ተሳፋሪው «ምን ሆናችሁ! እናንተ ሰዎች!» እያለ ሲጮህ እቴቴ «ይቅርታ፣ ይቅርታ ወገኖቼ» እያሉ ገብተው ተቀመጡ። ከእኔ ልመና ይልቅ የማያውቁት ሰው ጩኸት አሸነፋቸው።

ቢሆንም ብዙ ሳምንት እንደ እንግዳ ነበሩ። ሳጥናቸውን አልከፈቱም፤ ነጠላቸውን አጣጥፈው በላይዋ ያስቀምጣሉ፣ ነገ ተነሥቶ እንደሚሄድ ሰው። አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ነጠላው ግድግዳው ላይ በምስማር ተሰቅሎ አየሁ። ምስማሩን ራሳቸው ነበሩ የመቱት፤ ጠሟል። እንዳላየ ሆኜ ተቀምጬ እራቴን በላሁ።

ከዚያ ዘውዴን አገባሁ። ሰፋ ያለ ቤት ያዝን። ልጆች ተወለዱ፣ እቴቴ አሳደጓቸው። አረጁ፣ ደከሙ፣ በአንድ የጥቅምት ጠዋት ፀሐይ እየሞቁ ሳለ ዐረፉ። ከሰባታችን ከእኔ ሌላ ለቀብሩ የተገኘው ሙሉቀን ብቻ ነው፤ ሌሎቹን ማግኘት አልቻልንም፤ አንዳንዶቹ በሕይወት መኖራቸውን እንኳን አላውቅም። ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ አስከሬኑ እንደ ተቀመጠ ቄሱ ፍትሐቱን ሊጀምሩ ወደ እኔ ዞሩ።

«የክርስትና ስማቸው ማን ነው?»

ሙሉቀንን አየሁት። እሱም አየኝ። በአፋችን ብርቄ የሚል ስም እንጂ ሌላ አልነበረም። ይህን ያህል ዘመን አብሬያቸው ኖሬ በእግዚአብሔር ፊት የሚጠሩበትን ስም አላውቅም።

«ልጆቻቸው አይደላችሁም እንዴ?» አሉ ቄሱ፣ ለክፋት አይደለም።

«ነን አባቴ» አልኩ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም።

ያኔ ከሴቶቹ መሀል ዘውዴ «ወለተ ኪዳን» አለች። «ጠበል አብረን ስንጠመቅ ሲናገሩ ሰምቻለሁ። ወለተ ኪዳን ናቸው።» ቄሱ ስሙን ተቀብለው ጸሎቱን ጀመሩ። እቴቴን እንደ አዲስ ያወቅኋቸው መሰለኝ፣ ያውም ከሄዱ በኋላ።

ዘውዴም ካረፈች ከረመች። ሙሉቀን በሾፌርነቱ ወደ ሁመራ ሄዶ እዚያው ቀረ፤ ድምፁን ከሰማሁ ቆየሁ። ልጆቼ አንዷ አዲስ አበባ፣ አንዱ ባሕር ዳር ናቸው። ደጋግ ልጆች ናቸው፣ ይደውላሉ። «ና እንጂ፣ ብቻህን ምን ትሠራለህ» ይላሉ። እሺ እላለሁ፣ አልሄድም።

ያን በባጃጅ የመጣሁ ቀን ማታ ልጄ ደወለች። ስለ ዝናቡ ጠየቀችኝ፣ ስለ ደም ግፊቴ መድኃኒት ጠየቀችኝ። መልሼ ስጨርስ «አንድ ነገር ጻፊልኝ እስቲ» አልኳት።

«ምን ልጻፍ አባ?»

«ኃይለ ኢየሱስ።»

«ማን ነው እሱ?»

«እኔ ነኝ። የክርስትና ስሜ ነው። ለወንድምሽም ንገሪው።»

ከወዲያ በኩል የመኪና ጥሩንባ ይሰማል። «አባ፣ አሞሃል እንዴ?»

«አላመመኝም ልጄ። ዝም ብለሽ ያዢው።»